ያስቆመውን የሚናገር ሞገድ

አየርን ባዶ አድርገን ማሰብ ለምደናል። ከእንጦጦ አናት ላይ ቆመን ቁልቁል አዲስ አበባን ስንመለከት በእኛና በከተማዋ መካከል ያለውን ነገር ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ዓይናችን አልፎት ይሄዳል። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሞገድም እንዲሁ አየሩን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። በሰከንድ 60 ቢሊዮን ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ ግን ሌላ ዕጣ ይገጥመዋል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ አንድ ኪሎሜትር ሲጓዝ ከመቶ እጅ 97 ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ያስቀረው ጉም ወይም አቧራ አይደለም። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው።

መሐንዲሶች ከ30 እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል እጅግ ከፍተኛ ድግግሞሽ ይሉታል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 የሚያሰራጨው ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው፤ የዚህ ክልል ሞገድ ግን ከ10 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ በላይኛው ዳር ያለው ደግሞ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ጋር ይስተካከላል። ጠባዩን ሁሉ የወሰነው ይህ ማነሱ ነው። ረጅሙ ሞገድ ቅጠሉን፣ የዝናብ ጠብታውን፣ የሰው እጅን ከምንም ሳይቆጥር ይሄዳል። አጭሩ በእያንዳንዳቸው ይያዛል፤ ግድግዳ ያግደዋል፣ ዝናብ ይበትነዋል፣ የውሃ ተን ይውጠዋል።

ስለዚህ ሞገድ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ይህን ድክመቱን እንዴት እንደምናሸንፍ ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላው ጎኑ ነው። ምንም የማያስቆመው ሞገድ ካለፈባቸው ነገሮች የሚያመጣው ወሬ የለም። በኦክስጅን የሚያዝ ሞገድ ግን ስለ ኦክስጅን ይናገራል፤ በተን የሚያዘውም ስለ ተን። ሰው ከዚህ ሞገድ ያገኘው ትልቁ ሀብት የተገኘው መሰናክሉን መጥላት ትቶ ማጥናት በጀመረ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ታሪኩም ይህንኑ ደጋግሞ ያሳየኛል።

ነገሩ የተጀመረው ካልካታ ውስጥ ነው። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ በዚያች ከተማ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ሃይንሪክ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በቤተ ሙከራ ካሳዩ ገና ጥቂት ዓመታት ማለፋቸው ነው። ቦዝ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በገዛ እጃቸው በነደፉት መሣሪያ ሞገዱን እስከ 5 ሚሊሜትር ድረስ አሳጠሩት፤ ዛሬ 60 ጊጋኸርዝ የምንለው ነው። ማሳጠራቸው በምክንያት ነበር። ሞገዱ ሲያጥር ሌንሱም፣ ፕሪዝሙም፣ መስተዋቱም ያንሳል፤ ብርሃን ላይ የሚደረገውን ሙከራ ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በማይታይ ሞገድ መድገም ይቻላል።

የሞገዱን የንዝረት አቅጣጫ ለመለየት ሲፈልጉ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ መጽሐፍ አንሥተው በገጾቹ መካከል ስስ የብረት ፎይል አስገቡበት። መጽሐፉ በአንድ በኩል ሲያዝ ሞገዱን ያግዳል፤ በሩብ ዙር ሲዞር ያሳልፈዋል። ከዚያም ጆንያ የሚሠራበትን የጁት ጭረት ወስደው ከፊሉን ወደ ቀኝ፣ ከፊሉን ወደ ግራ ገመዱት። ሞገዱ በተገመደው ጭረት መካከል አልፎ ሲወጣ የንዝረቱ አቅጣጫ እንደ አገማመዱ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ጎን ተጠምዝዞ ተገኘ። ይህን ሁሉ የደከሙት የስኳር ውሃ ብርሃንን ለምን እንደሚጠመዝዝ ለመረዳት ነበር፤ የጁቱ ጥቅል ዓይን ለማያየው ሞለኪውል ምሳሌ ሆኖላቸው።

ይህን ሙከራ ባሰብሁ ቁጥር የሚይዘኝ ጥያቄው ነው። ቦዝ በዚህ ሞገድ ከርቀት ደወል ማስደወልና ባሩድ ማቀጣጠል እንደሚቻል በሕዝብ ፊት አሳይተዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ሲመለሱ ግን ሞገዱን የሚጠይቁት ያለፈበት ነገር ምን እንዳደረገው ነው። ዓለም የፈለገው ሌላ ነበር። ጉሊየልሞ ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 አትላንቲክን ያሻገሩት ሞገድ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ነበርና፣ ሬዲዮ ማለት ሩቅ መሄድ፣ ሩቅ መሄድ ማለት ረጅም ሞገድ ሆነ። የካልካታው 5 ሚሊሜትር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈላጊ አጥቶ ተቀመጠ።

የመለሰው ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር የሚሠሩ ሰዎች ሞገዱን ከ10 ሴንቲሜትር ወደ 3 ሴንቲሜትር፣ ከዚያም ወደ 1.25 ሴንቲሜትር አወረዱት፤ ይህም ከክልላችን ደጃፍ ላይ፣ 24 ጊጋኸርዝ አካባቢ መሆኑ ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፣ አንቴናውም አንሶ በአውሮፕላን ውስጥ ለመግጠም ይመቻል። በቤል ላቦራቶሪ ይህን ራዳር እንዲነድፉ ከታዘዙት አንዱ ወጣቱ ፊዚሲስት ቻርልስ ታውንስ ነበሩ። የሃርቫርዱ ጆን ቫን ቭሌክ የውሃ ተን በዚያው አካባቢ ሞገድ እንደሚውጥ በስሌት አግኝተው ነበርና ታውንስ ስጋታቸውን ተናገሩ። ውሳኔው አልቋል ተባሉ። ራዳሩ ተሠራ፤ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ከጥቂት ኪሎሜትር በላይ ማየት አቃተው። የውሃ ሞለኪውል በ22.2 ጊጋኸርዝ ላይ ከአንዱ የሽክርክሪት ሁኔታ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚወስደውም በአካባቢው ከሚያልፈው ሞገድ ነው።

እንደ ጦር መሣሪያ ካየነው ውድቀት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልብ እንበል። ከጦርነቱ የተረፈው የ1.25 ሴንቲሜትር መሣሪያ ተመራማሪዎች እጅ ገባ። ታውንስ በዚያ ሞገድ አሞኒያን ማጥናት ጀመሩ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ሜዘር የተባለውን መሣሪያ ወለደ፣ ሌዘርም የተገኘው ከዚያው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ታውንስና ባልደረቦቻቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንቴና ወደ ኦሪዮን አቅጣጫ አነጣጥረው ያንኑ 22.2 ጊጋኸርዝ ከሰማይ ሲመጣ ሰሙ። ራዳሩን ያበላሸው የውሃ መስመር በከዋክብት መካከል ውሃ መኖሩን መሰከረ። አንድ ሰው በወጣትነቱ እንቅፋት የሆነበትን ነገር በጎለመሰ ዕድሜው እንዲህ ባለ ስፍራ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው እገምታለሁ፤ ልቤም ይነካል።

ሌላው የዚያ ዘመን ሰው ሮበርት ዲኪ ናቸው። የራዳር ባልደረቦቻቸው ተኑን ለማለፍ ሲጥሩ እሳቸው ተኑን አዳመጡት። የሠሩት መሣሪያ ምንም አይልክም። በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ሙቀቱ ወደሚታወቅ ነገር እየዞረ ልዩነቱን ይለካል። በዚህ ብልሃት ከመሣሪያው ከራሱ ጫጫታ እጅግ የሚያንስ ድምፅ እንኳ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጽሑፍ ዲኪና ባልደረቦቻቸው ፍሎሪዳ ላይ የለኩትን የውሃ ተን አስታወቁ፤ እግረ መንገዳቸውንም ከተኑ ባሻገር ከሰማይ የሚመጣ ሌላ ጨረር ካለ ሙቀቱ ከ20 ኬልቪን እንደማይበልጥ ጻፉ። ጨረሩ ነበረ፤ 2.7 ኬልቪን ሆኖ። የመላው ጠፈር የጥንት ሙቀት ቅሪት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓለም ያወቀው፣ ብርታቱ ጫፍ የሚደርሰው በ160 ጊጋኸርዝ ላይ፣ በክልላችን እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀችው ኮቢ ሳተላይት በ31.5፣ በ53 እና በ90 ጊጋኸርዝ ሰማዩን በሙሉ ቃኝታ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል የሚያንስ የሙቀት መበላለጥ አገኘች። ጋላክሲዎች የበቀሉት ከዚያ ጥቂት መበላለጥ ነው።

ወደ ምድር ልመለስ፤ በጣም የምወደው የዚህ ሞገድ ሥራ ያለው እዚህ ነውና።

የሚውጥ ነገር ሁሉ የሚውጠውን ያንኑ ሞገድ መልሶ ይለቃል፤ ሲሞቅ አብዝቶ፣ ሲቀዘቅዝ አሳንሶ። ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። ሞለኪውሉ ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ስላሉት እንደ ደቃቅ ማግኔት ይሠራል፤ በ60 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ያለውን ሞገድ የሚይዘውና የሚለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዓለም ዙሪያ የኦክስጅን ድርሻ ከአየሩ 21 በመቶ ያህል ሆኖ ስለማይለዋወጥ፣ የሚለቀው ሞገድ ሲበረታና ሲደክም የሚነግረን ስለ ሙቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1972 የመጠቀችው ኒምበስ 5 በዚህ መንገድ ከጠፈር ሆና የአየርን ሙቀት መለካት ጀመረች። ዛሬ በየቀኑ ምድርን የሚዞሩ የሚቲዎሮሎጂ ሳተላይቶች የዚያች ተከታዮች ናቸው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው እጅግ ያማረ ነው። ሳተላይቷ ከ800 ኪሎሜትር በላይ ሆና ወደ ታች ታዳምጣለች። ኦክስጅን አጥብቆ የሚይዘውን ድግግሞሽ ብትመርጥ ከታች የሚነሣው ሁሉ መንገድ ላይ ይዋጣል፤ የሚደርሳት የላይኛው ስስ አየር ወሬ ብቻ ነው። ድግግሞሹን ትንሽ ብታርቀው ኦክስጅኑ ይላላል፣ ወሬው ዝቅ ካለ ከፍታ መምጣት ይጀምራል። ጨምራ ብታርቀው ደግሞ እስከ መሬት አጠገብ ትወርዳለች። እ.ኤ.አ. በ1998 የመጠቀችው ኖኣ 15 ከ50 እስከ 58 ጊጋኸርዝ ድረስ 12 ቻናሎች ነበሯት፤ እያንዳንዱ የየራሱን ከፍታ ይሰማል፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ከምድር አጠገብ እስከ 40 ኪሎሜትር ያለውን አየር ሙቀት በእርከን ያነባሉ። ሞገዱ ምን ያህል እንደማያልፍ ማወቅ ጥልቀቱን ማወቅ ሆነ። አየሩ በሁሉም ድግግሞሽ እኩል ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር፤ ሳተላይቷ መሬቱን ብቻ አይታ ትመለስ ነበር።

በ183 ጊጋኸርዝ ላይ ሌላ ጠንካራ የውሃ መስመር አለ። በዚያ ዙሪያም እንዲሁ ቻናል እየተመረጠ የአየሩ እርጥበት በየከፍታው ይለካል።

ይህ ለኛ አገር ሰው ሩቅ ነገር መስሎ እንዳይታይ። በሐምሌና በነሐሴ የኢትዮጵያ ደጋ በደመና ሲከደን የኢንፍራሬድ መሣሪያ የሚያየው የደመናውን ጣሪያ ነው። የሚሊሜትር ሞገድ ብዙውን ደመና ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን አየር ይነግረናል። በአፍሪካ ሰማይ ላይ በፊኛ እየተሰቀለ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ጣቢያ ጥቂት ነውና፣ ከሳተላይት የሚገኘው ይህ ልኬት ለአውሮፓ ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ለእኛ የሚሰጠው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክረምቱ በጊዜው ይገባ እንደሆነ፣ በልግ ይበረታ እንደሆነ የሚነገረው ትንበያ የሚቆመው በዓለም አቀፍ የአየር ሞዴሎች ላይ ነው፤ ሞዴሎቹ ከሚመገቡት መረጃ ዋነኛው ደግሞ ከእነዚህ ቻናሎች የሚመጣው ነው። ዘር ለመዝራት ቀን የሚቆጥር ገበሬ የኦክስጅንን ሹክሹክታ ሳያውቀው ይጠቀምበታል።

ዝናቡ ራሱስ? ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የዲሹ ሥዕል መቆራረጡን፣ ሰውም ተነሥቶ ገመዱን መነካካቱን የማያውቅ ቤት የለም። የገመዱ ጥፋት አይደለም። የቴሌቪዥን ሳተላይት ሞገድ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ የዝናብ ጠብታ ያዳክመዋል። ወደ ሚሊሜትር ስንወርድ ነገሩ ይብሳል፤ ጠብታውና ሞገዱ በመጠን እኩያ ይሆናሉ። በቴሌኮም ማማዎች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ክብ ነጫጭ አንቴናዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በ70 እና በ80 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው። በዚህ ክልል ላይ በሰዓት 25 ሚሊሜትር የሚጥል ዝናብ በአንድ ኪሎሜትር ውስጥ ከሞገዱ አንድ አሥረኛውን እንኳ አያሳልፍም። መሐንዲሶች ርቀቱን የሚያሳጥሩት፣ ወይም በዝናብ ጊዜ ጉልበት የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሃጊት ሜሰርና የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ይህን ጉዳት ገልብጠው አዩት። የስልክ ኩባንያዎች ከማማ ወደ ማማ የሚደርሰው ምልክት ምን ያህል እንደደከመ ለራሳቸው ጥገና ሲሉ ይመዘግባሉ። መዳከሙ ከዝናቡ መጠን ጋር የሚሄድ ከሆነ መዝገቡ የዝናብ መዝገብ ነው ማለት ነው። ለካ በየኮረብታው ላይ ማንም ሳያስበው የዝናብ መለኪያ ተተክሎ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በኔዘርላንድስ ወደ 2,400 በሚጠጉ ግንኙነቶች የመላ አገሩ የዝናብ ካርታ ተሠራ። ቡርኪና ፋሶም እ.ኤ.አ. በ2012 የዝናብ ወቅት ሞክራው ሠርቷል። ለእኛ አህጉር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በብዙ ወረዳ የቴሌኮም ማማ አለ፤ የዝናብ መለኪያ የሌለበት ወረዳ ግን ብዙ ነው። ኩባንያዎቹ የሚያስቸግራቸውን ቁጥር ለሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ቢሰጡ፣ የሰሜን ተራራ ወይም የባሌ ሸለቆ ዝናብ በየሩብ ሰዓቱ ሊታወቅ ይችላል። ይህ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ደመናን ከጠፈር ሆኖ ለማየትም ይኸው አጭር ሞገድ ነው የተመረጠው። የተለመደው የዝናብ ራዳር ጠብታውን እንጂ የደመናውን ብናኝ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጠቀችው ክላውድሳት በ94 ጊጋኸርዝ ራዳር ደመናን ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀች አሳየች፤ አውሮፓና ጃፓን በሜይ 2024 ያመጠቋት ኧርዝኬር ደግሞ በዚያው ድግግሞሽ ብናኙ ወደ ላይ ይወጣ ወይም ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ ጭምር ትለካለች።

ሌሎች ጥቅሞቹን ላነሣሣ ብቻ። አዳዲስ መኪኖች ከፊታቸው ያለውን የሚያዩበት ራዳር በ77 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ይሠራል፤ በአውሮፕላን ጣቢያ እጃችንን አንሥተን የምንቆምበት ፍተሻ ልብስን አልፎ በቆዳ ላይ በሚነጥር ሞገድ ነው። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ በሚገነባው ኢተር የኒውክሌር ውህደት ማብላያም እያንዳንዳቸው 1 ሜጋዋት የሚያወጡ የ170 ጊጋኸርዝ ምንጮች ይተከላሉ፤ ሞገዱ ወደ ማብላያው የሚገባበት መስኮት የሚሠራው ከሰው ሠራሽ አልማዝ ነው። እዚያም ቢሆን ብልሃቱ መያዝ ነው። ኤሌክትሮኖች በማግኔት መስክ ውስጥ በሰከንድ 170 ቢሊዮን ጊዜ በሚዞሩበት ስፍራ ሞገዱ ይዋጣል፣ ያን ስፍራም ለይቶ ያሞቃል።

ሰማይን ለማየት ግን ከኦክስጅንም ከተንም በላይ መውጣት ያስፈልጋል። በቺሌ አታካማ በረሃ የሚገኘው የቻህናንቶር አምባ 5,000 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ደጀን አናት ከ400 ሜትር በላይ ይበልጣል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው አልማ የተባለ ቴሌስኮፕ 66 አንቴናዎች አሉት፤ 54ቱ ባለ 12 ሜትር፣ 12ቱ ባለ 7 ሜትር ናቸው። አየሩ ስስና እጅግ ደረቅ ነው፤ ሠራተኞች ኦክስጅን ይዘው ይወጣሉ። ሰው ለመተንፈስ የሚያስፈልገውን ነገር ሸሽቶ ወደ ላይ የወጣ ሥራ ብዬ አስበዋለሁ።

እዚያም ቢሆን ተኑ ጨርሶ አይጠፋም። የቀረው ጥቂት ተን በነፋስ እየተገፋ በአንቴናዎቹ ፊት ያልፋል፣ የሞገዱንም ጉዞ ያዘገያል። አንቴናዎቹ ኪሎሜትሮች ተራርቀው በአንድነት እንደ አንድ ዓይን ስለሚሠሩ፣ ከአንዱ ፊት ያለው ተን ከሌላው ፊት ካለው በጥቂቱ ከበለጠ ምስሉ ይደበዝዛል። መፍትሔው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በባለ 12 ሜትሮቹ አንቴናዎች ላይ ወደ 183 ጊጋኸርዝ የተቃኘ ትንሽ መሣሪያ ተገጥሟል፤ ሥራው በዚያች ሰከንድ ከአንቴናው ፊት ያለውን ተን መለካት ነው። ተኑ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ ከንግግሩ ተነሥቶ ኮምፒውተሩ የዘገየውን ያስተካክላል። የዲኪ መሣሪያ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። በዚህ ብልሃት ነው እ.ኤ.አ. በ2014 አልማ 450 የብርሃን ዓመት ርቃ በምትገኘው ኤች ኤል ታው በተባለች ለጋ ኮከብ ዙሪያ ያለውን የአቧራ ዝርግ፣ ቀለበቶቹንና ፕላኔቶች እየተወለዱ ይሆንባቸዋል የሚባሉትን ክፍተቶች ለይቶ ያሳየን። ለዓይን ጨለማ የሆነ አቧራ በሚሊሜትር ሞገድ ያበራል።

በከዋክብት መካከል ያሉ የቀዝቃዛ ጋዝ ደመናዎችም ታሪካቸው እንዲሁ ነው። ከዋክብት የሚወለዱበት ሃይድሮጅን በዚያ ብርድ ዝም ያለ ሞለኪውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮበርት ዊልሰን፣ ኪት ጄፈርትስና አርኖ ፔንዚያስ በአሪዞና ኪት ፒክ ላይ ሆነው ከኦሪዮን የካርቦን ሞኖክሳይድን 115 ጊጋኸርዝ ሰሙ፤ ከዚያ ወዲህ የሃይድሮጅኑን ስፍራና መጠን የሚነግረን ይህ ባልንጀራው ነው። በ2017 ኤፕሪል ደግሞ ከስፔን እስከ ሃዋይ፣ ከቺሌ እስከ ደቡብ ዋልታ ያሉ ስምንት ቴሌስኮፖች በ1.3 ሚሊሜትር ሞገድ አብረው አዳመጡ። የደቡብ ዋልታው መረጃ የተቀዳባቸው ዲስኮች የክረምቱ ጨለማ አልፎ አውሮፕላን እስኪያርፍ ድረስ ወራት መጠበቅ ነበረባቸው። የኤም 87 ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ ጥላ ኤፕሪል 10 ቀን 2019 ለዓለም ታየ። 1.3 ሚሊሜትር የተመረጠው ምድርን ያህል በሆነ ዓይን ያን ጥላ ለመለየት በቂ አጭር በመሆኑ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውንም ጋዝ ዘልቆ በመውጣቱ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ይህ ሁሉ ማዳመጥ ጸጥታ ይፈልጋል። ኦክስጅን፣ የውሃ ተን፣ የኦሪዮን ጋዝ የሚለቁት ሞገድ እጅግ ደካማ ነው፤ አጠገቡ አንድ ማሠራጫ ቢጮህ ይሰጥማል። ስለዚህ በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ውስጥ ማንም ምንም እንዳያሠራጭባቸው የተከለከሉ ክልሎች አሉ፤ ከ182 እስከ 185 ጊጋኸርዝ የውሃ ተን ይሰማበታል፣ ከ226 እስከ 231.5 ጊጋኸርዝ የጠፈሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ። መንግሥታት ተሰብስበው ይህን ያህል የሬዲዮ ክልል ለኦክስጅንና ለተን ብለው ባዶ መተዋቸውን ሳስብ የሰው ልጅ ካደረጋቸው መልካም ስምምነቶች አንዱ ይመስለኛል።

ክርክሩ ያለው በድንበሮቹ ላይ ነው። ከ23.6 እስከ 24 ጊጋኸርዝ ያለው ክልል ለማዳመጥ ብቻ የተተወ ነው፤ ሳተላይቶች 23.8 ላይ የአየሩን ተን ይለካሉ። ከእሱ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከ24.25 ጀምሮ፣ ለ5ጂ ስልክ የተፈለገ ክልል አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ የስልኩ ማሠራጫ ወደ ጎረቤቱ ምን ያህል እንዲያፈስስ ይፈቀድለት የሚለው ለሳምንታት አከራከረ። የተወሰነው ገደብ ሚቲዎሮሎጂስቶች ከጠየቁት የላላ ሆነ፤ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል ስጋታቸውን በይፋ ገለጹ። ፈጣን ኢንተርኔት አያስፈልግም የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ለስልክ ሌላ ክልል ሊፈለግለት ይችላል፤ የውሃ ሞለኪውል ግን መስመሩን ወደ ሌላ ቦታ አያዛውርልንም። ያ ስፍራ ከጠፋ ምትክ የለውም።

ጉባኤው ገደቡን በሁለት ደረጃ ነው ያስቀመጠው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2027 በኋላ ሥራ የሚጀምሩ ጣቢያዎች የጠበቀውን ያከብራሉ፤ ከዚያ በፊት የተተከሉት በላላው ይቀጥላሉ። አውሮፓውያን በራሳቸው ምድር የጠበቀው ገደብ ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ እንዲጸና ወስነዋል። በእኛ አገር የሬዲዮ ድግግሞሽ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ክልል ለስልክ በሚፈቀድበት ቀን፣ ጣቢያዎቹ መቼም ይተከሉ መቼ፣ ጥብቁን ገደብ ከመጀመሪያው እንዲያስገድድ እጠይቃለሁ፤ ሚቲዎሮሎጂስቶቻችንም ጥያቄውን አብረውኝ እንዲያነሡት።